ምርቃቱን ያቋረጠው ስልክ

ቢቸና ውስጥ ሥርጉትን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ኮምፒውተር ሲያስቸግር ሥርጉት ትጠራለች፤ ፕሪንተር ወረቀት አኝኮ ሲያስቀር ሥርጉት ትጠራለች፤ ኔትወርክ ሲጠፋም እሷው ትወቀሳለች። የምሥራቅ ፍሬ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት፤ የክፍሉ ሠራተኛም እሷው ብቻ ናት። ዩኒየኑ ዋና ቢሮው ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ ሆኖ ከአባላቱ ጤፍና ስንዴ ይረከባል፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል።

ልጅቱ የሞጣ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ደህና ሥራ ቀርቦላት «አልፈልግም፤ አገሬ ገብቼ እሠራለሁ» ብላ የተመለሰች። ያኔ ስንቱ ጉድ አለ መሰላችሁ! እሷ ግን ኩሩ ናት። ኩራቱን ያወረሷት አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው። ሞጣ ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ሊቅ ናቸው። ታዲያ ሥርጉትን የሚያንገበግባት አንድ ነገር ቢኖር፣ እኒህ ሁሉን የሚያውቁ አባት የእሷን ሥራ አለማወቃቸው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች «መሪጌታ፣ ልጅዎ ምን ሥራ ያዘች?» ሲሏቸው፣ «እንጃ፣ ቢቸና ላይ ኮምፒውተር ትጠብቃለች መሰለኝ» ይሉ ነበር። ኮምፒውተር ትጠብቃለች!

ሥራዋማ ሌላ ነበር። እሷ ከመምጣቷ በፊት አንድ የሞጣ ወረቀት ለፊርማ ቢቸና የሚደርሰው በአውቶቡስ፣ በሹፌሩ ደግነት ነበር። ሥርጉት መጥታ ሠራተኛው ሁሉ የሚጻጻፍበት፣ ፋይል የሚላላክበት፣ እየተያየ የሚሰበሰብበት አንድ አፕ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ጫነች። መጀመሪያ ያላጉረመረመ አልነበረም። ዛሬ ግን የዘበኛው «እንደምን አደራችሁ» በአፑ ካልመጣ ሠራተኛው ቀኑ የጀመረ አይመስለውም። ቢቸናና ሞጣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ያህል ሆኑ።

የቀረው ስልኩ ነበር። አፑ የሠራተኛው ነው፤ ገበሬው የሚደውለው በድሮው የጠረጴዛ ስልክ ነው። እሱን የሚያነሣው የኔሰው የሚባል እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የኔሰው ምሳ ከወጣ ስልኩ ብቻውን ሲጮኽ ይውላል። ሞጣ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ከመርጡለ ማርያም የደወለ ገበሬ ሞጣን ሲጠይቅ «ቢቸና ደውሉ» ይባላል፣ ቢቸና ሲደውል «የሚመለከተው ሰው ሞጣ ወርዷል» ይባላል። በመጨረሻ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መረራቸውና ሥርጉትን አስጠሯት።

«አንድ ቁጥር እፈልጋለሁ» አሏት። «ገበሬው በእሱ ይደውል፣ ጥሪው ከአፑ ጋር ይገናኝ፣ የሚመለከተው ሰው የትም ይሁን የት ያንሣ። እንዴት እንደሚሆን አንቺ ምረጪ። ሞጣ ላይ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ፊትም አንቺው ታቀርቢያለሽ።»

አጠገባቸው የግዢ ኃላፊው ሽታሁን ተቀምጧል። ሽታሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ከዓባይ ድልድይ ወዲያ የመጣ ነገር ሁሉ ይበልጥበታል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ስልኩንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ሁሉንም ጠቅልሎ ልያዝላችሁ ብሏል። ኮንትራቱ ተዘጋጅቷል» አለ።

«ሁሉንም ከያዘ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለች ሥርጉት።

ሽታሁን ወደ መስኮቱ ዞረ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም ነገሩን ሳይሸፋፍኑ፣ «ያንቺ ካልሆነልን የእነሱን እፈርማለሁ፤ ያኔ ክፍልሽ ይታጠፋል» አሏት። ሥርጉት አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች።

ሥራዋን ጀመረች። አንደኛው መንገድ ቁጥሩንም አገልግሎቱንም ከአፑ ባለቤት መግዛት ነበር፤ ነገር ግን ቁጥሩ የውጭ አገር ስለሚሆን የሞጣ ገበሬ ቢቸና ለመደወል ባሕር ማዶ እንደደወለ ይቆጠርበታል። ተወችው። ሁለተኛው ሽታሁን ያመጣው ድርጅት ነው። ሦስተኛው የአገሩን የስልክ መስመር እንዳለ ይዞ፣ ጌትዌይ የሚሉትን ትንሽ ሣጥን ቢሮ አስቀምጦ፣ መስመሩን በእሱ በኩል ከአፑ ጋር በራስ እጅ ማገናኘት ነው። ይኸ አድካሚ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚሸከመው ባትሪ ይፈልጋል፣ ሲበላሽም የሚጠራ ሌላ ሰው የለም። ሥርጉት ይኸን መረጠች። «እኛው ሠርተን እኛው እንጠግነዋለን» አለች፤ ማንም ሳይሰማት ለራሷ።

ሣጥኑ መጣ፣ ተተከለ፣ ሠራ። ከዚያ ደዋዩን የሚቀበል አውቶማቲክ ድምፅ አዘጋጀች። ዘመናዊ ቢሮ ሁሉ ያለው ነገር ነው፤ ሽታሁንም አፉን እንዲይዝ ፈለገች። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ በገዛ ድምፅዋ ቀዳችው፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ የምሥራቅ ፍሬ ዩኒየን ነው። እንዴት ዋሉ? ለእህል ዋጋ አንድን ይጫኑ፤ ለማዳበሪያና ለዘር ሁለትን ይጫኑ፤ ለሌላ ጉዳይ ሦስትን ይጫኑ።» ደዋዩ ሳይጫን ከቆየ ደግሞ፣ «ምንም አልመረጡም፤ ደህና ይዋሉ» ይልና ይዘጋል።

«እንዴት ዋሉ?» የምትለዋን ማንም ጨምሪ አላላትም። ግን የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ልጅ ለሰው ሰላምታ ሰጥታ እንዴት ዋሉ ሳትል ወደ ጉዳይ ትገባለች? አይሆንላትም፤ ምላሷም እሺ አይላትም። ቀድታ ስታበቃ ደጋግማ ሰማችው። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ጤፉ ከአውድማ መግባት ሲጀምር ቁጥሩ በየቀበሌው ተነገረ። ስልኩም ተደወለ፤ ያውም እንዴት ተደወለ! ሣጥኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ትውላለች። ጉዱ ግን ምን ነበር? የደወለው ሁሉ ከማንም ጋር አይገናኝም። የኔሰው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጦ ሲጠብቅ ይውላል፤ አንድም ጥሪ አይመጣለትም።

«አንቺ፣ እኔ ጋ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ጋ ነው?» ይላታል።

«ሁሉም ጋ ነው፤ ቆይ እስቲ» ትለዋለች። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ሣጥኑን አጥፍታ አበራች። ከራሷ ስልክ ደውላ አንድን ስትጫን ወዲያው የኔሰው ጋ ይገባል። ምንም ችግር የለበትም። እንግዲህ ይኸ ምን ይባላል? ራሷን ያዘች።

ይኸ በእንዲህ እንዳለ ገበያ ላይ ወሬ ተነሣ። «ዩኒየኑ ኮራ!» ይላል ሰው። «ድሮ በደህና ያነጋግሩን ነበር፤ አሁን ሀብት ሲያገኙ ጆሯችን ላይ ይዘጉብን ጀመር!» ለዩኒየኑ ይመጣ የነበረው ጤፍ ወደ ነጋዴ ዞረ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ፊታቸው ጠቆረ። ሽታሁን የኮንትራቱን ፎልደር በየስብሰባው ይዞ መግባት ጀመረ፤ አይናገርም፣ ጠረጴዛው ላይ ብቻ ያስቀምጠዋል። ለሥርጉት ከንግግር የባሰ እሱ ነበር።

በዚህ መካከል እናቷ እትየ ይርጋነሽ ደወሉላት።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን ብለሽ ነው እንዲህ ያስቀየምሽው?»

«እኔ? ምን አልኩ እማዬ? ካነጋገርኳቸውም ሰንብቻለሁ እኮ!»

«እንዴ! ያን ዕለት የማዳበሪያውን ነገር ሊጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ደውሎ አንቺው አይደለሽ ያነሣሽው? እንዴት ዋሉ አልሽው። ደስ ብሎት ከመቀመጫው ተነሣ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ መለሰልሽ። ያንቺን ጤና ጠየቀ። ከዚያ ደግሞ ምርቃቱን ያዘልሽ። እሱ እየመረቀሽ አንቺ ስለ አንድና ሁለት ታወሪያለሽ። ከዚያ ‹ደህና ይዋሉ› ብለሽ አፉ ላይ ዘጋሽበት! ተማሪዎቹ ሁሉ እያዩ እኮ ነው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምሽን አንሥቶ አያውቅም።»

ሥርጉት ክው አለች። ስልኩን እንደያዘች ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ገበሬው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ሰው ምን ሲያደርግ እንደነበር አሁን ገባት። እንዴት ዋሉ ብላ ጠይቃቸዋለች። እነሱ ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ ተጠይቀው ዝም አይሉም። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው እየመለሱላት፣ እሷንም እየጠየቁ ሳሉ፣ ድምፅዋ ደህና ይዋሉ ብሎ እየዘጋባቸው ነበር። አንዱም ቁጥር የተጫነ የለም። በሰላምታ መካከል ማን ቁጥር ይጫናል?

በማግሥቱ ሞጣ ወረደች። ግቢው ውስጥ ተማሪዎቹ በየጥጉ ያዜማሉ፤ መሪጌታ ዋርካው ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመች። «ደህና ነሽ?» አሏት፤ ሌላ የለም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን አገር ሁሉ ደህንነት ጠይቀው የሚያበቁ ሰው፣ «ደህና ነሽ?» ብለው ዝም! ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባባ፣ እኔ አልነበርኩም እኮ። የተቀዳ ድምፅ ነው። ማሽኑ ነው የዘጋብዎ።»

«የተቀዳ መሆኑን አጥቼው ነው?» አሉ መሪጌታ። «ሬዲዮ ስሰማ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሁለቴ ስደውል ሁለቴም አንድ ዓይነት ነገር ስትይኝ ገባኝ።»

«ታዲያ ካወቁ ለምን መለሱለት?»

መሪጌታ ባለ ቁልፍ የድሮ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። «በዪ ደውዪ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊና ስጪኝ፤ አንቺም እዚሁ ፊቴ ተቀመጪ» አሏት።

ደወለች፣ ሰጠቻቸው፣ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ከስልኩ ወጣ፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ የምሥራቅ ፍሬ ዩኒየን ነው። እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንደም…» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ሥርጉት አፏ ተገጥሟል። ስልኩ ግን አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ እያለ ቀጠለ፤ ትንሽ ቆየና «ምንም አልመረጡም፤ ደህና ይዋሉ» ብሎ ተዘጋ።

«አየሽ?» አሉ መሪጌታ። «አፍሽ ሳይከፈት በዓይኔ እያየሁሽ መለስሁ። ሬዲዮው ለአገር ነው የሚያወራው፤ እኔን ብሎ አልጠየቀኝም። ይኸ ግን እኔን ጠየቀኝ፤ በልጄ ድምፅ እንዴት ዋሉ አለኝ። ዝም ልበል? መልሴን ካልፈለግሽው ለምን ጠየቅሽኝ?»

ሥርጉት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች።

«ያን ዕለት ምርቃትዎን ጀምረውልኝ ነበር አሉ» አለች። «አሁን ይጨርሱልኛ።»

«ስምሽን… ብዬ ነበር፤ እዚያ ላይ ቀረ» አሉ መሪጌታ። «አሁን ተይው። በጥያቄ የሚሰጥ አይደለም፤ ሲመጣ ነው።» ፊታቸውን ወደ አንዱ ተማሪ አዞሩና «አንተ፣ ድገመው እስቲ» አሉ።

ሥርጉት ቢቸና ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አሰበች። ደብረ ወርቅ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሐሳቧን ጨርሳ ነበር። ቢሮ እንደገባች ሥራ አስኪያጁንና ሽታሁንን አስቀምጣ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ሣቅ አመለጣቸው፤ ከዚያ የሣሳውን መጋዘን አስታወሱና ሣቃቸውን ዋጡ።

«ቀላል ነው እኮ!» አለ ሽታሁን። «‹እንዴት ዋሉ›ን አውጪው። ‹ለእህል ዋጋ አንድን ይጫኑ› ብለሽ ጀምሪ፤ አበቃ።»

«ሞክሬዋለሁ፤ ቀድቼም ሰማሁት» አለች ሥርጉት። «እኔን ራሴን አስቀየመኝ። አዛውንት ሰው ደውሎ፣ ሰላም ሳንለው ቁጥር ተጫን ልንለው ነው? ኮሩ ያሉን በውሸት ነበር፤ ያኔ እውነት ይሆናል። ማሽኑን አነሣዋለሁ። መስመሩ፣ ሣጥኑ፣ አፑ እንዳሉ ይሆናሉ። ጥሪው ሲመጣ ግን ቢቸናም ሞጣም ያለን ሠራተኞች ሁላችንም ጋ በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ የቀደመ ያነሣል። ሰላምታውን አድርሶ፣ ጉዳዩን ሰምቶ፣ ለሚመለከተው ሰው በአፑ ያስተላልፋል።»

«ሰው የሚያነሣው ከሆነ ቴክኖሎጂው ምኑ ላይ ነው?» አለ ሽታሁን።

«ቴክኖሎጂው፣ ገበሬው ‹ሞጣ ደውል፣ ቢቸና ደውል› ሳይባል መቅረቱ ላይ ነዋ! የኔሰው ምሳ ቢወጣ ሞጣ ያሉት ያነሣሉ። ሞጣ ስብሰባ ቢገቡ የኔሰው መንገድ ላይ ሆኖ በሞባይሉ ያነሣል። ገበሬው ይኸን ሁሉ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። እሱ የሚያውቀው ደውሎ ሰው ማግኘቱን ነው።»

ሽታሁን ፎልደሩን መታ መታ አደረገ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሁለቱንም አፈራርቀው አዩና፣ «ጉባኤው ላይ፣ ሕዝቡ ፊት ይደወላል» አሉ። «ከተነሣና ከሠራ ያንቺ ይሁን። ካልተነሣ እዚያው እፈርማለሁ። ከዚህ በላይ ሕዝብ ማስቀየም አልችልም።»

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጉባኤው ሞጣ አዳራሽ ተጠራ። ሰዉ ከየቀበሌው ነጠላውን አጣፍቶ መጥቶ አዳራሹን ሞላው። ሥርጉት መድረኩ ላይ ቆማለች፤ ሽታሁን ከፊት ተቀምጧል፣ ፎልደሩ ጭኑ ላይ ነው። ገና አፏን ሳትከፍት አምሳለች የሚባሉ ከመርጡለ ማርያም የመጡ ሴት ገበሬ ተነሡ።

«ስልካችሁ እንዴት ዋሉ ብሎ ጠይቆኝ፣ ላሜ መውለዷን ስነግረው ዘጋብኝ!» አሉ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፤ የኔ ነው» አለች ሥርጉት። ሣቁ ቆመ። «ጠይቄዎት መልስዎን የሚሰማ ሰው አላስቀመጥኩም። አሁን አስቀምጫለሁ። ላምዎ ምን ወለደች?»

«ጊደር!» አሉ አምሳለች፣ በኩራት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች። ሰዉ ዳግመኛ ሣቀ፤ የአሁኑ ሣቅ ግን ሌላ ነበር።

ወዲያው እጇ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ። የኔሰው ከቢቸና በአፑ ጽፏል፦ «መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እኔ መጋዘን ነኝ፣ ርክክብ ላይ።» ሣጥኑ ያለው ቢቸና ነው። ባትሪ አስገብታለታለች፤ ግን ከጠዋት እስካሁን ይሸከመዋል? የሞጣ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ደግሞ ሁሉም ለጉባኤው ስልካቸውን አጥፍተው እዚሁ አዳራሽ ገብተዋል። የራሷን ስልክም ለዛሬ ከጥሪው ተራ አውጥታዋለች፤ ቢቸና ካልተነሣ የሚያነሣ የለም። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ማይኩን ይዘው፣ «እሺ፣ ማን ይደውል?» ብለው ጠየቁ።

ማንም አልተነሣም። የደወለ ሁሉ አንዴ ጆሮው ላይ ተዘግቶበታል፤ አሁን ሕዝብ ፊት ሊዘጋበት የሚፈልግ ማን አለ? ከዚያ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ተነሡ።

«እኔ ልደውል» አሉ።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ነበሩ። ሥርጉት መምጣታቸውንም አላወቀችም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ወደ ፊት መጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ማይኩን ስልኩ አጠገብ ያዙላቸው። ደወሉ።

ስልኩ ጮኸ። ማንም አላነሣም። ደግሞ ጮኸ። ሽታሁን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሥርጉት በልቧ «የሞጣው ጊዮርጊስ፣ ባትሪዬን አደራ!» አለች። ደግሞ ጮኸ።

«አቤት፣ ጤና ይስጥልኝ! ምሥራቅ ፍሬ ዩኒየን ነው፤ የኔሰው እባላለሁ። እንዴት ዋሉ?»

ከኋላው የሰው ጫጫታና ጆንያ የሚጫን ድምፅ ይሰማል። መጋዘን ነው፤ በሞባይሉ ነው ያነሣው። ባትሪው ይዟል! ሥርጉት ጠረጴዛውን ደገፍ አለች።

መሪጌታ አልቸኮሉም። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንደምን ዋልህ ልጄ? ቤተሰብ ደህና ነው? ቢቸና ደህና ናት? አዝመራው እንዴት ነው? መብራታችሁስ?» ይላሉ። የኔሰውም «ይመስገን አባቴ፣ ሁሉ ደህና ነው፤ መብራት እንኳ ከጠዋት የለም፣ እኛ ግን አለን። እርስዎስ? ሞጣ ደህና ናት? ልጆች፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ?» ይላል። መሪጌታ ይመልሳሉ፣ መልሰው ይጠይቃሉ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ከቢቸናም ከሞጣም የቀረ ደህንነት አልነበረም፤ ያቋረጠም ሰው አልነበረም።

«ከማን ጋር ላገናኝዎ አባቴ?» አለ የኔሰው፣ ሰላምታው ሲያበቃ።

«ከልጄ ጋር» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጉባኤ ፊት ቅኔ ሲያወርዱ እንደሚያደርጉት። «ሥርጉት ወልደ ሰንበት ትባላለች። ይኸን የምንነጋገርበትን ስልክ የሠራችው እሷ ናት።»

የሥርጉት ስልክ እጇ ላይ ጮኸ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባቷ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመዋል፤ ጥሪው ግን ቢቸና ደርሶ ነው የመጣላት። አነሣችው።

«አቤት፣ አባባ» አለች። «እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እንደምን ዋልሽ?»

«ይመስገን አባባ፤ ደህና ነኝ።»

«ሌላ ጉዳይ የለኝም» አሉ መሪጌታ። «ያን ዕለት የጀመርሁት ነገር ነበረኝ፤ ልጨርሰው ብዬ ነው የደወልሁት።» «እግዚአብሔር ያክብርሽ። ክፉውን ከፊትሽ ያርቅልሽ። በያለሽበት አይለይሽ። ስምሽን ከስሜ በላይ ያስጠራው።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። አምሳለች እልል አሉ። ሽታሁን ሳይቀር አሜን ብሏል፤ ሲል አይተነዋል። የኔሰው ካገናኛቸው በኋላ መስመሩን አልለቀቀም ኖሮ፣ ከስልኩም ከቢቸና አሜን ይል ነበር፤ አጠገቧ ቆሞ የነበረ ያህል ተሰማት።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ማይኩን ወሰዱ። «እንግዲህ… የስልኩን ነገር ድምፅ እንስጥበት?»

«ሰጠን እኮ! አሜን አልን!» አለ አንዱ ከመካከል። ሽታሁን ፎልደሩን አጥፎ ወንበሩ ሥር አስገባው።

ሰዉ ያጨበጭባል፤ የሚስቅ ይስቃል፤ አጠገቧ ያለው ሁሉ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል። ሥርጉት ግን ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው። አባቷ በቁልፍ ስልካቸው ላይ ቀይዋን መዝጊያ እየፈለጉ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቶሎ አያገኟትም። ቀድማ አልዘጋችም። እሳቸው አግኝተው እስኪዘጉ ድረስ ቆማ ጠበቀቻቸው።